ቆራሌው በጠፈር ላይ

አክስቴ የጠፈር መርከብ ካፒቴን ነበረች። ይህን ለሰው ስናገር ሁሉም መጀመሪያ ፊቴን ያያል፣ ቀጥሎ ይስቃል። እውነቴን ነው። እኔ ልጅ ሳለሁ በየሳምንቱ በቴሌቪዥን የሚታይ ተከታታይ ድራማ ነበር፤ ጥቂት ሰዎች በአንዲት መርከብ ተሳፍረው ከኮከብ ኮከብ የሚዞሩበት። አክስቴ በሥራ ቀን አንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ናት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ መርከብ ታዛለች። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ እሷን ለማየት ቴሌቪዥን ያለው ጎረቤት ቤት ይጋፋል። እኔ ግን ያችው ካፒቴን ማታ ቤት ገብታ "እግርሽን ሳትታጠቢ አልጋ ላይ ወጣሽ?" እያለች ስለምትጮህብኝ ብዙም አልደነቀኝም። ድራማው አንድ ቀን ድንገት ተቋረጠ። ለምን እንደቀረ የነገረን ሰው የለም፣ እሷም አልጠየቀችም።

አሁን ሁለታችን ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ አብረን እንኖራለን። እኔ ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ያለ የጥርስ ክሊኒክ ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ነኝ፤ ጠዋት ወጥቼ ሲመሽ ነው የምገባው፣ መንገዱ ራሱን የቻለ ሌላ ሥራ ነው። እቴቴ (እንዲህ ነው የምጠራት) ጡረታ ከወጣች ወዲህ ቀስ በቀስ ከቤት መውጣት ትታ ነበር። መጀመሪያ "ደረጃው ጉልበቴን ጨረሰው" አለች። ከዚያ ቤተ ክርስቲያን መሄዱም ቀረ። ኋላማ ከአልጋ ወደ ሶፋ፣ ከሶፋ ወደ አልጋ ብቻ ሆነ። "እስቲ ትንሽ ውረጂና ፀሐይ ሙቂ" ስላት "ምን ልሁን ብዬ ልውረድ?" ትለኛለች።

አንድ ቅዳሜ በራችን ተንኳኳ። ስከፍት ቀጭን፣ ፀጉሩ የተንጨባረረ ሰው ቆሟል። የሰርግ ቪዲዮ ቀራጭ ነው፣ ድራማውን እያየ ያደገ። ከመቀመጡ በፊት "እትዬ፣ መርከቧን ልንመልሳት ነው። ያለ እርስዎ አይሆንም" አላት።

"በምን ባጀት?" አለች እቴቴ፣ መነጽሯን ዝቅ አድርጋ።

"ካሜራ አለን። የሰርግ መብራት አለን። ድሮንም አለን።"

"ሌላስ?"

"ሌላ የለንም እትዬ።"

እቴቴ ሳቀች። ከልቧ፣ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ነው የሳቀችው። እንዲህ ስትስቅ ካየኋት ስንት ጊዜ ሆኖኝ እንደነበር ትዝ አይለኝም፤ ወጥ ቤት ገብቼ ሻይ የምጥድ መስዬ ዓይኔን ጠረግኩ።

ከዚያ በኋላማ ያቺ ሴትዮ ሌላ ሰው ሆነች። ጉልበቴ ትል የነበረችው ሴት ለልምምድ በየቀኑ ደረጃውን ትወርዳለች፣ ትወጣለች። አትክልት የምትገዛበት ሱቅ ድረስ ሄዳ ባለሱቁን በካፒቴን ድምፅ "ቲማቲሙ ይመርመር!" ትለዋለች። የመጀመሪያው ክፍል የተቀረጸው እኛ ሳሎን ውስጥ ነው። ሶፋው ወጥ ቤት ገባ፣ ግድግዳው በምግብ መጠቅለያ ፎይል ተሸፈነ። የካፒቴኗ ወንበር ምድር ቤት ካለው ፀጉር ቤት የመጣ ነው፣ ከነካስኩ። አዎ፣ ያ ሴቶች ፀጉራቸውን ተጠቅልለው ሥሩ የሚቀመጡበት ማድረቂያ። ሰርግ ቀራጩ ዳይሬክተራችን ካስኩን ብርማ ቀለም ቀብቶ የጠፈር ቆብ አደረገው። እቴቴ ውስጡ ጭንቅላቷን አስገብታ ቀና ስትል፣ ምን ልበላችሁ፣ ኮራሁባት።

ክፍሉ ኢንተርኔት ላይ የተለቀቀ ዕለት ሶስታችን ተሰብስበን አየን። ያማረ ቦታ አለው። የመርከቧ ሞተር ቀጥ ይላል። ጸጥታ። ካፒቴኗ በመስኮቱ ጨለማውን ትክ ብላ እያየች በዚያ ወፍራም ድምፅ "በዚህ ሁሉ ባዶ ውስጥ ከእኛ በቀር የሚተነፍስ ነገር የለም" ትላለች። ጸጥታ። ከዚያ ከሩቅ፣ ጥርት ብሎ፦

"ቆራሌው!"

አሮጌ ዕቃ ገዢው ነዋ! በየቀኑ በብሎኮቹ መሃል እየጮኸ የሚያልፈው። ስንቀርጽ አልሰማነውም፣ ዳይሬክተሩም ሲያቀናብረው አልሰማውም፤ ጆሯችን ከለመደው ቆይቷል። እንግዲህ ጠፈር ውስጥ ገባ።

ድራማውን የሚወዱ ሰዎች የሚያወሩበት ግሩፕ አለ፤ ያን ዕለት ተቃጠለ ማለት ይቻላል። ኮሜንቱን ለእቴቴ እኔ ነበርኩ የማነብላት። "ቆራሌው ከሳይንቲስቶች ቀድሞ ደረሰ" ይላል አንዱ። "አሮጌ ሮኬት ያላችሁ!" ይላል ሌላው። "መርከቧ ባለ አንድ መኝታ ናት፣ ዕጣ ወጥቶላቸው ነው።" "ከኮከብ ካርታው ጀርባ የመብራት ቆጣሪው ይታያል፣ ካርድ ሙሉ።" "ካፒቴኗ ፀጉሯን እየተሠራች ነው ወይስ እያዘዘች ነው?" እቴቴ ሆዷን ይዛ ትስቃለች። "ድገሚው፣ የቆራሌውን ድገሚው" ትለኛለች። ዳይሬክተሩ ብቻ ነበር ጭንቅላቱን ይዞ የተቀመጠው።

እኔ ሞኟ ማቆም ነበረብኝ። ቀጣዩን አነበብኩ። የጻፈው ሰው ስም የለውም፣ በፎቶው ቦታ መነጽር ያደረገች ድመት አለች። እንዲህ ይላል፦ "እኔ የማውቃት ካፒቴን ይቺ አይደለችም። መጋረጃዋን ሰብስባ ትውረድ።"

እቴቴ መሳቅ አቆመች። "እስቲ እንደገና" አለች። አነበብኩላት። መነጽሯን አውልቃ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገች፣ ጠረገች። "እውነቱን ነው" አለች በመጨረሻ።

በነጋታው የካፒቴን ልብሷን አጣጥፋ ለዳይሬክተሩ መለሰችለት። "ወጣት ፈልግ ልጄ። እኔን ይብቃኝ" አለችው። ለመነ፣ ተንበረከከ፣ አልሆነም። ወደ ሶፋዋ ተመለሰች፣ መጋረጃውንም ጋረደችው።

እኔ ደግሞ ስናደድ አልቻልም። ክሊኒኩ ውስጥ ታካሚ ፊት ተቀምጬ ከዚያች ድመት ጋር እጣላለሁ። "አንተ ድመት፣ በአንተ ዕድሜ ልክ የሠራች ሴት ናት!" ብዬ ጻፍኩለት። "እህቴ፣ አንቺ አታውቂም" ብሎ መለሰልኝ። አታውቂም? እኔን? ከካፒቴኗ ጋር አንድ ሽንት ቤት የምጋራውን? አንድ ታካሚ "ጥርሴን ነው የሚያመኝ እንጂ እኔ ምን አጠፋሁ?" እስኪለኝ ድረስ ስልኬን አፍጥጬበት ነበር። ግን ቁጣዬ ለራሴም መሸፈኛ ነው። የፈራሁት ድራማው ይቀራል ብዬ አልነበረም። እቴቴ ትቀርብኛለች ብዬ ነበር። ሰው እኮ ሳይታመምም ሶፋ ላይ ያልቃል፤ አይቼ አውቃለሁ።

እንዲህ ሆነን ጥቂት ሳምንታት አለፉ። አንድ እሑድ ጠዋት መጋረጃውን ከፈት አድርጌ ቁልቁል ሳይ ከብሎካችን ሥር የዕድር ድንኳን ተተክሏል።

"እቴቴ፣ ድንኳን!" አልኩ።

ካልጋዋ ተነስታ መጣች። "ኧረ አትበይኝ! ማን ሞተ?"

"እኔ እንጃ።"

ቁልቁል አየን። ጥቁር ቲሸርት የለበሱ ወንዶች አግዳሚ ያስገባሉ። ከዋናው መንገድ በኩል ሰው ይመጣል፤ ከሚኒባስ ይወርዳል፣ ከሜትር ታክሲ ይወርዳል፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። አንዲቷ ገና ከመንገዱ ጀምራ ታለቅሳለች። አብዛኞቹን አላውቃቸውም። የብሎኩ ግሩፕ ላይ ብገባ የተጻፈ ነገር የለም።

"የሦስተኛ ፎቁ ሽማግሌ ይሆኑ?" አለች እቴቴ።

"ትናንት ከሊስትሮው ጋር ሲጨቃጨቁ አይቻቸዋለሁ።"

"ታዲያ ማን ነው?" ብላ ጥቁር ቀሚሷን ፍለጋ ቁምሳጥኑን ከፈተች።

"ጉልበትሽስ?"

"ሰው ሞቶ ታች ድንኳን ተተክሎ እኔ እዚህ እቀመጣለሁ? ምን ነካሽ? ስማችን ምን ሊባል ነው?"

ደወል አድርገን እንጠይቅ አላልኩም፤ እንዲህ ያለ ነገር በስልክ አይጠየቅም። ይኬዳል። ቁጭ ይባላል፣ ከአጠገብህ ካለው ሰው ቀስ ተብሎ ይሰማል። ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ፊቷን እስከ ዓይኗ ሸፍና፣ ክንዴን ይዛ ወረደች። ወደ ሶፋዋ ከተመለሰች ወዲህ ስትወርድ ይህ የመጀመሪያዋ ነበር፤ ደስ ይበለኝ ወይስ ይዘነኝ አላወቅኩም።

ገባን። ድንኳኑ ሞልቷል። ሴቶች ባንድ ወገን ንፍጣቸውን ይጠርጋሉ፣ ወንዶች አንገታቸውን ደፍተዋል። ከበሩ አጠገብ አንድ ግዙፍ ሰው ብቻውን አግዳሚ ይዞ ተቀምጧል፤ ፊቱ በእንባ ርሷል። ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀልን፤ እቴቴ በመሃላችን ተቀመጠች። ያን ጊዜ ነው ቀና ብዬ የድንኳኑን ጫፍ ያየሁት። ግድግዳው ፎይል ነው። ፎይሉ ፊት ደግሞ የፀጉር ቤቱ ወንበር ባዶውን ቆሟል፣ ላዩ ላይ ብርማው ካስክ ተቀምጧል። ሰው ሁሉ ወንበሩን እያየ ነው የሚያለቅሰው።

ወይኔ! ገባኝ። የእቴቴን ነጠላ ልጎትት ስል ቀድማኝ ወደ ግዙፉ ሰው ዞራለች።

"ልጄ፣ ማን ነው ያረፈው?" አለችው በሹክሹክታ።

"ካፒቴኗ ናት እናቴ።"

እቴቴ ቀጥ አለች። እንዴት እንደሆነ ኋላ ነው የሰማሁት፤ ዳይሬክተሩ እሷ የሌለችበትን ትዕይንት፣ የሌላ ዓለም ሰዎች ሸንጎ የሚቀመጡበትን፣ ቆራሌው ሲመጣ አይቶ ሊያስቆመው በሚችልበት በብሎኩ ሥር ሊቀርጽ ፈልጎ የዕድሩን ዳኛ ድንኳን ለምኖ ነበር። ዳኛው "ለለቅሶ ካልሆነ አይወጣም" ካሉ በኋላ ድንኳኑ ክረምቱን ተጠቅልሎ ታፍኖ ስለከረመ "እንግዲያው ፀሐይ ይምታው፣ እግረ መንገዳችሁን ቅረጹ" ብለው ፈቀዱ። አንድ መንገደኛ ካፒቴኗ ከምትኖርበት ብሎክ ሥር ድንኳኑን፣ ጥቁር የለበሱትን የቀረጻ ሠራተኞች አየና ፎቶ አንስቶ ግሩፑ ላይ ለቀቀው። አለቀ። ሸገር ወደ አራብሳ ተነሳ።

"ምን ሆና ሞተች?" አለች እቴቴ። ድምፅዋ ተንቀጠቀጠ፤ እሱ ሐዘን መሰለው።

"እኔ ነኝ የገደልኳት እናቴ" አለ ሰውዬው፣ ፊቱን በመዳፉ ሸፍኖ። "'መጋረጃዋን ሰብስባ ትውረድ' ብዬ ጻፍኩ። የመጨረሻ ቃሌ ይሄ ሆነ። እንዲህ ይባላል? ለእሷ?"

ድመቷ! ያ ድመት ይኸው አጠገባችን ተቀምጦ ያለቅሳል። በአግዳሚው አናቱን ልለው እጄ ተነስቶ ነበር፤ እቴቴ ሳታየኝ ጉልበቴን ያዝ አደረገችኝ።

"ለምን ጻፍከው ታዲያ?" አለችው።

አፍንጫውን ጠረገ። የሜትር ታክሲ ሹፌር እንደሆነ፣ በልጅነቱ መገናኛ አካባቢ የጎረቤት መስኮት ላይ ተንጠልጥሎ ድራማውን ያይ እንደነበር ነገራት። "ካፒቴኗ ከመወሰኗ በፊት ምን ታደርግ እንደነበር ያውቃሉ እናቴ? መርከበኞቹን አንድ በአንድ ትጠይቃለች። ከዚያ ወደ እኛ ዞራ ቀጥ ብላ ታያለች። 'አንተስ ምን ትላለህ?' ትላለች። ከዚያ ዝም ትላለች። ትጠብቃለች። እኛ ቤት ልጅ ምን ትላለህ ተብሎ አያውቅም፤ ዝም በል ነው። እሷ ብቻ ነበረች የምትጠይቀኝ። እኔም እመልስላታለሁ፣ ጮክ ብዬ።"

"ምን ብለህ?"

"'እንሂድ!' ነበር የምለው። ሁልጊዜ እንሂድ።"

ከፊታችን የተቀመጠች ሴት ዞረች። "እኔ 'ተመለሱ' ነበር የምላት፣ ስለምፈራላቸው" አለችና አዲስ ለቅሶ ጀመረች። ከወዲያ "እኔም እመልስ ነበር" አለ አንዱ። ከጀርባ ሌላው። እኔ ይህን ሁሉ ስሰማ ደንግጬ ነበር። እቴቴ እኔን ቤት ውስጥ እራት ላይ ሳይቀር "አንቺስ ምን ትያለሽ?" ስለምትለኝ እንዲህ የሚጓጓለት ነገር መሆኑን አላውቅም ነበር። ሰውዬው "አንቺ አታውቂም" ያለኝ እውነቱን ነው፣ ምን ላድርግ።

"አዲሱ ክፍል ላይ ግን አልጠየቀችንም" አለ ሹፌሩ። "እስከ መጨረሻው ጠበቅኳት፤ አልዞረችም። ረስታናለች ብዬ ተናደድኩ። የምር ነው የተናደድኩት፣ ካደግኩ ወዲህ እንደዚያ አልተናደድኩም።"

እቴቴ ክንዴን ቆንጥጣ ይዛኛለች። ያማል። ያን ጊዜ ዳይሬክተሩ የኤሌክትሪክ ገመድ ትከሻው ላይ ጠምጥሞ ከውጭ ገባ። የሚያለቅሰውን ሕዝብ አየ። ራሱ ያስተከለው ድንኳን መሆኑን ረስቶ "ማ... ማን ሞተ?" አለ።

"አይዞህ ወንድሜ፣ ጠንከር በል" አለው አንዱ ትከሻውን ይዞ። "ካፒቴኗ።"

ገመዱን ጣለ። ሁለት እጁን ጭንቅላቱ ላይ አድርጎ "እትዬ! እኔን ይድፋኝ! እኔ ነኝ ያስቀየምኳት!" እያለ መሬት ላይ ተቀመጠ። ዳይሬክተሩ ካለቀሰ ነገሩ ተረጋገጠ ማለት ነው፤ ድንኳኑ በአንድ ጊዜ ጮኸ።

እቴቴ ከዚህ በላይ አልቻለችም። ነጠላዋን ከፊቷ ገለጠች፣ ብድግ አለችና ጣቷን ዳይሬክተሩ ላይ ቀሰረች።

"አንተ! ጥያቄዬን ለምን ቆረጥከው?"

ምን ልበላችሁ። ሴቶቹ "በስመ አብ!" ብለው ተያያዙ። አንድ ሰው በድንኳኑ ሥር ሾልኮ ወጣ፣ እግሩን ብቻ አየሁት። ዳይሬክተሩ መሬት ላይ እንደተቀመጠ፣ ለሞተ ሰው ማስረዳት እንዳለበት ምንም ሳይጠራጠር "ለ... ለሰዓት ነው እትዬ! ረዘመብኝ! ሰርግ ላይም ንግግር እቆርጣለሁ!" አለ።

"ጠይቄያቸው ነበር!" አለች እቴቴ ወደ ሰዉ ዞራ። "ይሰማል? እኔ አልረሳኋችሁም። ይሄ ሰርግ ቀራጭ ነው የቆረጠው!"

ክፍሉን ስናይ በቆራሌው ስንስቅ ጥያቄው መቆረጡን ልብ አላልነውም ነበር። መጀመሪያ እልል ያለችው ያቺ "ተመለሱ" ባይዋ ነች። ከዚያ ድንኳኑ ተደበላለቀ። የሚስቀው፣ የሚያለቅሰው፣ እቴቴን ዳብሶ እውነት መሆኗን የሚያረጋግጠው። የዕድሩ ዳኛ እየሮጡ መጡ። "የለቅሶ ድንኳን ውስጥ እልልታ! ምን ዓይነት ጉድ ነው?" እያሉ ሊነቅሉት ምሰሶውን ያዙ፤ እቴቴን ሲያዩ ግን እሳቸውም "እርስዎ አልሞቱም እንዴ?" ብለው ተቀመጡ። ለካ እሳቸውም በመጨረሻ አምነው ነበር።

ሹፌሩ ብቻ ከቦታው አልተነሳም። እቴቴ ከፊቱ ሄዳ ቆመች። "ይቅርታ ካፒቴን" አለ፣ አንገቱን ደፍቶ። "ካፒቴን አይደለችም ያልከው አንተ አይደለህም?" አለችው። ከዚያ ጎትታ አስነስታ አቀፈችው። እኔም ተዋጠልኝ፤ ከአግዳሚው ጋር የነበረኝን ሐሳብ ትቼ ጨበጥኩት። "አንቺ ነሽ ያቺ ተሳዳቢ?" አለኝ። "ድመት!" አልኩት። ተሳሳቅን።

ግን ሕዝቡ ሕዝብ ነው። ገና ሻይ ሳይቀዳ እዚያው ይተቿት ጀመር። "እትዬ፣ አየር በሌለበት መጋረጃው ለምን ይወዛወዛል?" "ካስኩ ላይ ያለውን ሽቦ ማየት ያስጠላል።" "ሞተሩ ሲቆም መብራቱ ለምን አልጠፋም?" እቴቴ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ለእያንዳንዱ መልስ ትሰጣለች፤ ትከራከራለች፣ ትቆጣለች፣ አንዳንዱን "ትክክል ነህ" ትላለች። ጉንጯ ቀልቷል። ማንም አልለመናትም፤ ራሷ ሄዳ ወንበሯ ላይ ተቀመጠችና ካስኩን አጠለቀች።

ዳይሬክተሩ ተንደርድሮ ካሜራውን ያዘ። ሸንጎ የሚሆን ሰው ፍለጋ መሄድ አላስፈለገውም፤ ጥቁር ለብሶ፣ ነጠላ አዘቅዝቆ፣ ዓይኑ ያበጠ ሕዝብ በሙሉ ተሰልፎ ቀርቦለታል። ቀረጻው ስንት ጊዜ እንደተበላሸ አትጠይቁኝ። ካፒቴኗ ወደ ካሜራው ዞራ በጠየቀች ቁጥር ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ይመልሳል፣ ሹፌሩ ደግሞ ከሁሉም በላይ። ዳይሬክተሩ አንዱንም አልቆረጠውም። አሁን ክፍሉን ብታዩት ከሐዘንተኞቹ ሸንጎ "እንሂድ!" የሚል ነጎድጓድ ይሰማል፤ በግሩፑ ደግሞ "ለምን ሁሉም የሌላ ዓለም ሰዎች አማርኛ ይችላሉ?" የሚል ጭቅጭቅ ተነስቶ እስካሁን አልበረደም።

ከቀትር በኋላ ድንኳኑ ተነቀለ። እኔና እቴቴ ደረጃውን ጀመርን። ሦስተኛ ፎቅ ላይ አረፍ እንበል አለችኝ፣ ብረቱን ተደግፋ ቆመች። ላብ ፊቷ ላይ ነበር። ደክሟት መሰለኝ።

"አየሽ" አለችኝ ትንፋሿን እየሰበሰበች፣ "ሰው እንዲህ የሚባልለት ሲሞት ነው። እናቴ እንኳ ያን ሁሉ ሰው ሲያለቅስላት አልሰማችም። እኔ በጆሮዬ ሰማሁት፣ በእግሬ ቆሜ።"

"እግዜር ይመስገን ነዋ" አልኳት።

"እዚያ ተቀምጬ፣ እንግዲህ ይህን ከሰማሁ ይበቃኛል ብዬ አሰብኩ" አለች። ቀና ብላ የቀረውን ደረጃ አየች፤ ከዚያ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ እኔን ሳትጠብቅ መውጣት ጀመረች። "አልበቃኝም!" አለችኝ ከላይ።